ያስከፈተ ይክፈት

ኦፓል ስታምፐር ሰው አታምንም። ወተት ስትገዛ ክዳኑ እንደታሸገ አፍንጫዋን ታስጠጋበታለች። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝላት ለሌላ ሐኪም ታሳየዋለች፤ ሁለቱ ከተስማሙ ደግሞ "ተደዋውለዋል" ትላለች። በሚሺገን ደቡብ፣ ከኢሪ ሐይቅ ብዙም በማትርቅ ከተማ፣ ፀጉሯ እስኪሸብት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድታለች። የጋራዡ ሠራተኞች የጎማውን ንፋስ ለክተናል ባሏት ቁጥር አመስግናቸው ፈገግ ትልና፣ ዞር ሲሉላት ከቦርሳዋ የራሷን መለኪያ አውጥታ እንደገና ትለካዋለች። ይህን ጠባይ ከእናቷ ነው የወረሰችው። እናቷ ባሏን ተከትላ ከኬንታኪ ተራሮች ወደ ፋብሪካው አገር ስትመጣ፣ ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣና ዓለም ሁሉ ሊያታልላት እንደተነሣ የሚነግራት ልብ ነበር። "ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር" የሚለው ተረት ለእነሱ ቤት የተተረተ ይመስላል።

ኦፓል ዕድሜዋን ሙሉ ሳትጠረጥር ያመነችው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ባሏ ቨርጂል ነበር።

ቨርጂል የሞተር ፋብሪካ ገጣጣሚ ነው። ዝምተኛ፣ ሲስቅ እንኳ ድምፅ የማያወጣ ሰው። ሁለቱም ደመወዝተኛ በሆኑ ሰሞን አዲስ ፕሊመዝ ደስተር መኪና ገዙ። ቀለሟ አረንጓዴ፣ ኮፈኗ ሥር ያለው ሞተር ደግሞ ለሷ ቁመት የሚበዛ። የተገዛችው ለቨርጂል ነበር፤ ኦፓል አንድ እሑድ ለሙከራ ነድታት ስትመለስ ግን ቁልፉን ኪሷ ከተተችው፤ ቨርጂልም አልጠየቃትም። ከዚያ በኋላ ሹፌሯ ኦፓል፣ መካኒኳ ቨርጂል ሆኖ፣ በየበጋው ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የመወዳደሪያ ሜዳ መሄድ ሆነ ሥራቸው።

በሜዳው ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆሙና አረንጓዴ መብራት ሲበራ ሩብ ማይል ይበራሉ፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያልቃል። ኦፓል የምትወዳደርበት ምድብ "ከፋብሪካ እንደወጣ" ይባላል። ሞተሩ ውስጥ ፋብሪካው ካስገባው በስተቀር ሌላ ነገር ማስገባት ክልክል ነው። በዚያ ምድብ ኦፓልን የሚገዳደራት ቼት ዎይታላ የሚባል የፖላንድ ዘር ያለው ሰው ነበር። ቼት በፋብሪካው ከቨርጂል አጠገብ የሚቆም ሠራተኛ ሲሆን፣ መኪናው ቀይ ሸቭሮሌት ኖቫ ናት። የፕሊመዝና የሸቭሮሌት ሰዎች በዚያ አገር በቤተ ክርስቲያን በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው መዝሙር ይዘምራሉ እንጂ መኪናቸውን ጎን ለጎን አያቆሙም።

"ኦፓል፣ ያቺ ጎመን ዛሬም ትንቀሳቀሳለች?" ይላታል ቼት፣ ከመሪው ጋር የሚተሻሸውን ሆዱን እያሻሸ።

"ያንተ ቲማቲም እስኪበስል ነው የምንጠብቀው" ትለዋለች።

"እንዲያው ጀርባዬን ለማየት አትናፍቂም?"

"ፊትህ አልበቃኝም?"

ታሸንፈዋለች። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን ከአራቱ ሦስቱን፣ ለዚያውም በመኪና አፍንጫ በምትሆን ልዩነት። ሳሎኗ በዋንጫ ተሞላ። ቨርጂል ሳንባውን ታሞ ሲሞት የሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ቼት ነበር፤ በዚያው በጋ ወደ ሜዳው ስትመለስም መጀመሪያ ከጎኗ የተሰለፈው እሱ ነው። ከቨርጂል ሞት በኋላ ኦፓል ማንም ሞተሩን እንዲነካ አልፈቀደችም። ዘይቱን ራሷ ትቀይራለች፣ ካንዴላውን ራሷ ታጸዳለች። የቀረው ቨርጂል እንደዘጋው ተዘግቶ ይኖራል።

ቨርጂል በሞተ በአምስተኛው በጋ ነገሩ ተለወጠ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ቼት አሸነፈ። ይሁን አለች። ሁለተኛውንም አሸነፈ። በሦስተኛው ቀይዋ ኖቫ ገና ከመነሻው ተፈትልካ፣ ኦፓል እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ የኋላ መብራቷን እያየች ሄደች። ከመኪናዋ ወርዳ ቆማ አሰበች። የእሷ ሰዓት እንዳለፈው ዓመት ነው፤ ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። ስለዚህ የተለወጠው እሱ ነው።

ከዚያ ቀን አንስቶ ዓይኗን ከቼት ላይ አልነቀለችም። ድሮ ከሰው መሀል የማይጠፋው ሰው አሁን መኪናውን ጥግ፣ ከዛፉ ሥር ያቆማል። ድሮ ቋሊማ ከሚጠበስበት ምድጃ የማይለየው ሰው አሁን በዚያ በኩል አያልፍም። እሽቅድምድሙ እንዳለቀ ወደ ጥላው ሄዶ ጋቢና ውስጥ ይቀመጥና ከኪሱ የሆነ ነገር አውጥቶ ወዲያው ይመልሳል። ደግሞ ከስቷል። ቱታው ሰውነቱ ላይ ሰፍቶ ይንጠለጠላል። ኦፓል ለዚህም ትርጉም አላጣችለትም፤ የሰረቀ ሰው እንቅልፍ አያገኝም፣ እንቅልፍ ያጣ ይከሳል።

"ሞተር የሚያፈጥን ጋዝ ደብቆ ነው" አለቻት ለልጇ ለትዊላ። "ከመቀመጫው ሥር ጠርሙስ አለ። ሞተሩ ውስጥ ይረጨዋል።"

"እማ፣ ሰውዬው ታሞ ቢሆንስ?"

"የታመመ ሰው ይፈጥናል እንዴ?"



አንድ ማክሰኞ ኦፓል አውቶቡሷን ካስገባች በኋላ ወደ ቼት ሰፈር ነዳች። ከቤቱ ትይዩ ቋሊማና በኮምጣጤ የተቀመመ ኪያር የሚሸጥ ሱቅ አለ። እዚያ ገብታ የማያስፈልጋትን ቋሊማ እየመረጠች በመስኮቱ ጋራዡን ትመለከት ጀመር። ቼት ሲወጣ አየችው። መኪና አላስነሣም። እጁን እያወናጨፈ፣ ጦር እንደሚያባርረው ሰው እየተጣደፈ በእግሩ ሄደ፤ መንደሩን ዞሮ ሲመጣም ያንኑ መንገድ ደገመው።

"ምን ሆኖ ነው?" አለቻት ባለሱቋን፣ ግድ እንደሌላት ሆና።

"ቼት? እንጃለት። ከገና ወዲህ ከኔ አንድ ነገር ገዝቶ አያውቅም። ሰላም ይለኝና ፊቱን አዙሮ ያልፋል።"

ኦፓል ቋሊማዋን ይዛ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ስትገባ ባለሱቋም ሳታውቅ አትቀርም የሚል ሐሳብ መጣባት። ጥያቄዋን ቶሎ ነው የመለሰችላት፤ ሰው ንጹሕ ከሆነ ትንሽ ያስባል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሃርላን ሄደች። ሃርላን የሜዳው ተቆጣጣሪ ነው፤ የተጠረጠረ ሞተር የሚከፍተው እሱ ነው።

"የቼት ይከፈትልኝ" አለችው።

ሃርላን ብርጭቆውን አስቀመጠና አያት። አስተያየቱ ከሚገባው በላይ ረዘመባት። "ደንቡን ታውቂዋለሽ፣ ኦፓል። ያስከፈተ ይክፈት ነው። የሱ ሲከፈት ያንቺም ይከፈታል።"

"ይከፈት። የኔን የዘጋው ቨርጂል ነው።"

"እሱስ ነው" አለ ሃርላን። "እንዲያው ሳምንት ብታስቢበት?"

"አስቤበታለሁ።" ወጥታ ስትሄድ ሃርላንንም ከቼት ጋር ደመረችው።

ወሬው ለቼት ለመድረስ አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ከመጸዳጃዎቹ ጀርባ አገኛት። ቅርብ ስታየው ፊቱ ገርጥቷል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል።

"ኦፓል፣ ይሄን ነገር አንሺው።"

"ፈራህ?"

"ለራሴ ብዬ አይደለም።"

"ለማን ነው ታዲያ?"

ቼት ጫማውን አየ። "ተዪው ነው የምልሽ። የፈለግሽውን እሆንልሻለሁ፤ ከፈለግሽ እስከ መኸር አልወዳደርም።"

ኦፓል እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ንጹሕ ሰው ለመነ? ንጹሕ ሰው ውድድር ልተው አለ? ጥርጣሬዋ እዚያው እርግጠኝነት ሆነ። "እሑድ እንገናኝ" ብላው ሄደች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሜዳው መጋዘን ውስጥ ሁለቱ መኪኖች ኮፈናቸው ተነሥቶ ቆሙ። ከፕሊመዝም ከሸቭሮሌትም ወገን ብዙ ሰው መጥቶ ግድግዳውን ተደግፏል፤ የሚቀልድ የለም። ሃርላን ከኖቫዋ ጀመረ። መቀመጫውን አነሣ፣ ሥሩን በባትሪ አበራ። ጠርሙስ የለም። ካርቡራቶሩን ፈታ። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አውርዶ ፒስተኑን ለካ። ቫልቮቹን ከፍቶ የሚዘጋውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ አውጥቶ መረመረ። መኪናዋን ሚዛን ላይ አውጥቶ መዘናት። ኦፓል በትከሻው በኩል እያየች ቁጥሩን ሁሉ ራሷ አነበበች።

"ከፋብሪካ እንደወጣች ናት" አለ ሃርላን በመጨረሻ።

"አይሆንም" አለች ኦፓል። "እንዴት ፈጠነች ታዲያ?"

ቼት በርሜል ላይ ተቀምጦ ነበር። ኪሱ ውስጥ እጁን ሰዶ ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጣና አሳያት። "በጥር ልቤ ሊቆም ለጥቂት ተረፍኩ። ሐኪሙ ቋሊማ ተው፣ በእግርህ ሂድ አለኝ። የግማሽ ጆንያ ድንች ክብደት ነው የጣልኩት። ሞተሩን አልነካሁም፣ ኦፓል። ሆዴን ነው የነካሁት።"

ከሸቭሮሌት ሰዎች አንዱ ሳቁን አፍኖ አስነጠሰ።

"ደንቡ መኪናውን እንጂ ሹፌሩን አይመዝንም" አለ ሃርላን።

የኦፓል ጆሮ ጋለ። ቢሆንም ለመሄድ አልተንቀሳቀሰችም። "የኔን ክፈት" አለች።

"ካልፈለግሽ ቼት ይተውሻል።"

"ደንብ ደንብ ነው።"

ቨርጂል ቡሎን ባጠበቀ ቁጥር ጫፉ ላይ ሰማያዊ የቀለም ነጥብ የማድረግ ልማድ ነበረው፤ ከፋብሪካው ይዞት የመጣው ልማድ ነው። ሃርላን ቡሎኖቹን ሲፈታ እያንዳንዱ ነጥብ ተሰንጥቆ እየተፈረፈረ ወደቀ። ኦፓል ያንን ስታይ የባሏን ጣቶች ያየች መሰላት፤ ደረቷም ተነፋ። ሃርላን ወደ ካምሻፍቱ ሲደርስ ግን እጁ ዘገየ። ለካ። እንደገና ለካ። መሣሪያውን በጨርቅ ጠርጎ ሦስተኛ ለካና ቀና አለ።

"የፋብሪካው አይደለም፣ ኦፓል። ቫልቮቹን ከሚገባው በላይ ነው የሚያነሣው። የእሽቅድምድም ካምሻፍት ነው።"

ኦፓል ወደ ቼት ዞረች። "ጋራዤን ሰብረህ ገባህ።"

"ኦፓል።"

"ጉድህ እንዳይወጣ የኔን ቀየርከው።"

"ቀለሙን አየሽው እኮ" አለ ቼት ዝግ ብሎ። "እዚያ ሞተር ውስጥ ከቨርጂል በኋላ የሰው እጅ አልገባም።"

ሃርላን የቀለሙን ፍርፋሪ ከወለሉ ለማንሣት ጎንበስ ብሎ መልሶ ተወው። ኦፓል የመኪናዋን ጠርዝ ያዘች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እሷ ግን ከዚህ ፈረስ እወድቃለሁ ብላ በሕልሟም አስባ አታውቅም።

"አንተ ታውቅ ነበር" አለችው ቼትን።

"አውቅ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው በጋ። ቆማ ስትንተከተክ ድምጿ ይለያል። እኔና ቨርጂል ዕድሜያችንን ጎን ለጎን ቆመን ሞተር ያዳመጥን ሰዎች ነን። እሱም ማወቄን ያውቅ ነበር። ተነጋግረንበት ግን አናውቅም።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አላስከፈትካትም?"

ቼት ብልቃጡን ወደ ኪሱ መለሰ። "ካስከፈትኳትማ ምን አሸነፍኩ? እኔ እንዳለች፣ ከነካምሻፍቷ ላሸንፋት ነበር የፈለግሁት። ዘንድሮ ሆነልኝ። አንቺ ደግሞ መጥተሽ ይሄን አደረግሽ።" ድምፁ ላይ ቁጣ ነበረበት። ኦፓል ከሰማችው ሁሉ ያመነችው ያንን ቁጣ ነው።

"ሁላችሁም ታውቁ ነበር?" አለች ወደ ግድግዳው ዞራ። ግድግዳውን የተደገፈው ሰው ሁሉ ሌላ ሌላ ነገር ያይ ጀመር። ሃርላን ጉሮሮውን ጠረገ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ጥርጣሬዋ ልክ ሆነ።

ለዚያ ዓመት ከውድድር ታገደች። ዋንጫዎቹን ግን ሃርላን አልጠየቃትም፤ ራሷ በሣጥን አጭቃ ወስዳ ከቢሮው ደጃፍ አስቀመጠችለት። የሰፈሩ ሰው ይህን ሲሰማ ከፊሉ አዘነላት፣ ከፊሉ "አውቃ ነው" አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትጠረጥር ኖራ፣ ሱቅ ስትገባ ሰው በጎን ሲያያት ምን እንደሚመስል ያኔ አወቀችው።

የከፋው ግን የቤቱ ነገር ነበር። አንድ ካምሻፍት የደበቀ ሰው ሌላ ምን ደበቀ? ማታ ማታ የተወራውን፣ የተሄደበትን፣ የተሳቀበትን ሁሉ እያወጣች ታገላብጠው ጀመር። ቨርጂል በየወሩ መጨረሻ ዓሣ ላጠምድ ብሎ ወደ ሐይቁ ይሄድ ነበር። እውነት ለዓሣ ነበር? ሳምንት ሙሉ ስትብሰለሰል ቆይታ አብሮት ያጠምድ ለነበረው ለዴልበርት ስልክ ደወለች።

"ዴልበርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ። ቨርጂል እውነት ዓሣ ያጠምድ ነበር?"

ኦፓል መልሱን ለመስማት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ያጠምድስ ነበር" አለ ዴልበርት። "ግን አይሆንለትም። ስንመለስ ከወደቡ ይገዛ ነበር፤ ላንቺ እንዳልነግር አስምሎኛል።"

"ያ ብቻ ነው?"

"ሌላ ምን ፈለግሽ?"

"የመኪናዋን ነገርስ? ነግሮህ ያውቃል?"

"ስለ መኪና ያወራ የነበረው አንድ ነገር ነው። ኦፓል ስትሸነፍ ሦስት ቀን አትናገርም፣ ስታሸንፍ ማድቤቱ ይዘፍናል ይል ነበር።"

ኦፓል ስልኩን ከዘጋች በኋላ ወደ ማድቤት ገብታ ቆመች። ተናደደች፤ አለቀሰችም፤ ሁለቱን መለየት አቃታት። ልጠላው ብላ ሞከረች። የተገዛ ዓሣ ይዞ፣ አጥማጅ መስሎ በር ላይ ሲቆም ሲታያት ግን አልሆነላትም። ይቅር ያለችውም አይደለም። በልቧ ለብቻው አንድ ጥግ ሰጥታው፣ አልፎ አልፎ እየሄደች ትጨቀጭቀዋለች።

በኅዳር፣ በረዶ መጣል ሲጀምር፣ ቼት በሯን አንኳኳ። ብብቱ ሥር ረጅም ሣጥን ይዟል።

"የፋብሪካው ካምሻፍት ነው። ከአንድ አሮጌ ፕሊመዝ ላይ አገኘሁት። ልግጠምልሽ?"

ኦፓል በሩን ገርበብ እንዳደረገች አየችው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። "ምን ፈልገህ ነው?"

"ከማን ጋር ልወዳደር? ያ የዳቦ ቤቱ ልጅ መነሻው ላይ ሞተር ያጠፋል።"

"እና እኔን ለማሸነፍ ነው የምትጠግንልኝ።"

"ለሌላ ለምን ይመስልሻል?"

ይህ ደግሞ ልታምነው የምትችለው ምክንያት ነበር። አስገባችው። እሱ ሲሠራ እሷ ወንበር አምጥታ ከአጠገቡ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ከእጁ አልተነቀለም። የሚያስገባውን ዕቃ ሁሉ አስቀድማ በራሷ እጅ እያገላበጠች ታየዋለች።

"ይቺኛዋን አሁን አይተሻት ነበር" አለ ቼት።

"ደግሜ ባያት ታልቃለች?"

"ከዚህ በኋላ ሐኪሙ አይደለም፣ አንቺ ነሽ የምትገድዪኝ።"

ምሳ ሰዓት ላይ ያለ ሥጋ የተቀቀለ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አቀረበችለት። ቼት ማንኪያውን ነክሮ ቆየና "ምን ጨመርሽበት?" አላት። ኦፓል መጀመሪያ ኮስተር አለች፤ ከዚያ ባሏ ከሞተ ወዲህ ትዊላ ያልሰማችውን ሳቅ ሳቀች። ከእሱ ሳህን አንድ ማንኪያ ወስዳ ቀምሳ አሳየችው።

በጸደይ ወደ ሜዳው ተመለሰች። ደስተሯ አሁን ረጋ ብላ፣ ሳትንተከተክ ትቆማለች፤ ሃርላን ሁሉም እያየ ሞተሯን በማኅተም ዘግቶላታል። ኦፓል ተሸነፈች። በሚቀጥለውም ተሸነፈች። ለቼት፣ ለዳቦ ቤቱ ልጅ ሳይቀር። ሦስት ቀን ዝም የምትልለት ሰው ስለሌላት ሰኞ ሰኞ አውቶቡሱ ውስጥ ሕፃናቱ ላይ ትቆጣ ነበር። ቢሆንም መብራቱን ጠብቃ መነሣቱን፣ ማርሹን መቼ መለወጥ እንዳለባት እንደ አዲስ ተማረችው፤ ድሮ ካምሻፍቱ ይሸፍንላት የነበረውን ስህተት አሁን አንድ በአንድ አየችው።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ከቼት ጋር ተሰለፈች። መብራቱ ሲበራ ሁለቱም እኩል ተፈተለኩ። መሀል ላይ ቀይዋ አፍንጫ በመስኮቷ በኩል ታየቻት፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቀረች። መስመሩን ኦፓል ቀድማ አለፈች። የፕሊመዝ ሰዎች ሲጮሁ ተሰማት።

በመመለሻው መንገድ ላይ ከኖቫዋ ጎን ደርሳ መስኮቷን ዝቅ አደረገች።

"ከነዳጁ እግርህን አነሣህ።"

"አላነሣሁም።"

"መሀል ላይ አነሣህ። አይቼሃለሁ።"

"ወደፊት ነው ወይስ ወደ ጎን የምትነጂው አንቺ? አሸነፍሽኝ፤ ሌላ ምን ልሁንልሽ?"

"ማልልኝ።"

"በእናቴ።"

ኦፓል ፊቱን መረመረችው። ቅንድቡ አልተንቀሳቀሰም፣ አፉም አልሳቀም። የቼት እናት ከሞተች ቆይታለች፤ በሞተ ሰው መማል ደግሞ ለማንም አይከብድም። ከኋላቸው የቆመው መኪና ጥሩንባ እስኪነፋ ድረስ እያየችው ቆየች። ከዚያ ዋንጫዋን ልትቀበል ነድታ ሄደች።